ለአሮጌው ማሽን የተላከ ጭንቅላት

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለብልጭታ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ደጃፍሽ ድረስ ይምጣልሽ። እንዴት ነሽ? ብርዱ ጠናብሽ ወይ? እናትሽም እኔም ለክፉ የማይሰጥ ጤና ላይ ነን፤ የእሷ ጉልበት የእኔም ጆሮ እንደነበረው ነው። ያልደወልኩልሽም ለዚሁ ጆሮዬ ብዬ ነው። አርባ ዓመት ከማሽን ጋር ሲጯጯህ የኖረ ሰው ስልክ ይዞ «ምን አልሽ? ምን አልሽ?» ሲል የቢሮ መሳቂያ ነው የሚሆነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የሳሙናው መስመር ቆሟል። አንቺ ትተሽው የሄድሽው ያው አሮጌው ነው። ቀላቃዩን፣ መጭመቂያውን፣ መቁረጫውንና ማተሚያውን የሚያዘው ፕሮሰሰር፣ ሠራተኛው ሁሉ «ጭንቅላቱ» የሚለው፣ መስከረም 26 ጠዋት ቀይ መብራቱን አብርቶ ዝም አለ። ሞተሮቹ ደህና ናቸው፤ አንድ በአንድ ፈትሻቸዋለሁ። የሚያዛቸው ነው የጠፋው።

ሥራ አስኪያጁ ከነነፍሴ ሊውጠኝ ደርሷል። ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቆ ሦስቱም «ይሄ ዕቃ መመረት ካቆመ ቆየ፤ መስመሩን ጠቅላላ ቀይሩት» አሉት። እሱም እስከ የካቲት መጨረሻ ካልተነሳ ለብረት ገዢ እሸጠዋለሁ ብሏል። አንቺ የምትሠሪው አሮጌ ካርድና ሞጁል በሚጠገንበት ቤት ነው። አንድ ጭንቅላት ፈልጊልኝ። ሒሳቡን ፋብሪካው ይችላል። የዕቃውን ቁጥር በሌላ ወረቀት ገልብጬ አያይዤልሻለሁ።

ሌላ ወሬ የለም። መቁረጫው ላይ የምትሠራው ሚዛን ከሥራ ታግዳለች። ከፈረቃ በኋላ ወለሉን ስታጥብ ጭንቅላቱ ያለበት ሳጥን ውስጥ ውሃ አስገብታለች ተብሎ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ያለ ደመወዝ ቤቷ ትቀመጥ ተባለ።

የያዝሽው ሁሉ ይቅናልሽ።

ያንቺው ጋሼ

—

ጥቅምት 21 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፣ የእናቴ የአክስት ልጅ ብቻ ሳይሆኑ የካቻቢቴ አያያዝ ላሳዩኝ ለመጀመሪያው አለቃዬ፤

ዕድሜዎ ይርዘም፤ ጆሮዎም የሚሰማው ደግ ደጉን ብቻ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ አልጠናብኝም፤ የጠናብኝ አለቃዬ ነው፣ እሱም ቢሆን ከእርስዎ አይብስም።

ጭንቅላቱን እፈልጋለሁ። እኛ መደርደሪያ ላይ የዚያ ዘመን ዕቃ አልፎ አልፎ ይገባል፤ የተዘጋ ፋብሪካ ሲፈርስ እንደ ቅርጫ ተካፍለን እናመጣለን። ግን ላም ባልዋለበት ኩበት እንዳልለቅም ሦስት ነገር ይንገሩኝ። አንደኛ፣ ከቀዩ ሌላ የትኞቹ መብራቶች ይበራሉ? ሁለተኛ፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ አንድ ፊደል አለ፤ እሱን አልገለበጡልኝም፣ ያለሱ አይሆንም። ሦስተኛ፣ ከመቆሙ በፊት ሳጥኑን ማን ከፈተው፣ ምንስ ነካ?

ስለ ሚዛን የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሚዛን ማለት ያቺ አንድ ሳሙና በመዳፏ ይዛ «ይቺ አምስት ግራም ጎደላት» ስትል ሚዛኑ የሚመሰክርላት ሴት ናት? እኔ እዚያ በቆየሁበት አምስት ዓመት በየቀኑ ወለሉን ስታጥብ አይቻታለሁ። ሳጥኑ ግድግዳ ላይ፣ ወገቤ ላይ የሚደርስ ነው፤ በሩም ጎማ አለው። ውሃው እግር አውጥቶ ዘለለ? ማነው እንዲህ ያለው?

መልስዎን በቶሎ።

ብልጭታ

—

ኅዳር 8 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ። እኔ አንድ ዕቃ ላኪልኝ ብዬ ጻፍኩ፤ የመርማሪ ጥያቄ ደረሰኝ። ይሁን፣ ተማሪ መምህሩን የሚጠይቅበት ዘመን ነው።

የኃይሉ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ከሱ በታች ቀዩ። ሌላው ሁሉ ድርግም ነው። ፊደሏ ላይ የቀድሞው ቀለም ቀቢ ቀለም አንጠባጥቦባት ነበር፤ በምላጭ ፍቄ አውጥቻታለሁ፣ በወረቀቱ ላይ አለች።

ሥራ አስኪያጁ በቀን ሦስት ጊዜ ይመጣና ከኋላዬ ይቆማል። የቢሮውን ቁልፎች ያንቃጭላል። ሠራተኛው ግማሹ ካርቶን ሲያጣጥፍ ይውላል፣ ግማሹ በየተራ ቤቱ ነው። በአርባ ዓመቴ እንዲህ ያለ ጸጥታ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ እንኳ ይሰማኛል።

ውሃውን በተመለከተ፣ ኮሚቴ ነው ያየው። እኔ የኤሌክትሪክ ሰው ነኝ እንጂ ዳኛ አይደለሁም። አንቺ እዚያ ሆነሽ አዳራሹን ከእኔ በላይ የምታውቂ አይምሰልሽ። ዕቃውን ላኪ።

ጋሼ

—

ኅዳር 27 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፤

ቁጣዎ ሳይቀር በሰላም ደርሶኛል፤ ሰላምዎ ይብዛ።

ጭንቅላቱ ተገኝቷል። ከፈረሰ የጠርሙስ ፋብሪካ የመጣ ነው፤ ፊደሏም አንድ ናት። አቧራውን አጠብኩት፣ ሁለት ያበጡ ኮንደንሰሮች ቀየርኩለት፤ ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይጠፋ አሠራሁት። አንዴም አላዛነፈም። ዛሬ በፖስታ ልኬዋለሁ። ማንም እንዳይከፍተው፣ እርስዎም ቢሆኑ፣ የሰውነት ኤሌክትሪክ እንዳያቃጥለው፣ የብረቱን ሳጥን በእጅዎ ሳይነኩ ካርዱን እንዳይዙ።

አሁን ደግሞ ወደ ጠብ። ሦስት ጥያቄ ጠይቄ ሁለት መልስ ነው የመጣልኝ። ከፕሮሰሰሩ ጎን አውራ ጣት የምታህል ባትሪ አለች። እኔ ከሄድኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንዴ ሳትቀየር አትቀርም። ማን ቀየራት? መቼ? እንዴት? ይህን የምጠይቀው ለመክሰስ አይደለም። መልሱ ካልመጣ ግን የላኩት ዕቃም ዋጋ የለውም።

ኮሚቴው ውስጥ የኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ነበረበት ወይ?

ብልጭታ

—

ታኅሣሥ 30 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን ከርመሻል? የላክሽው ዕቃ ጉምሩክ ገብቶ አልወጣ አለኝ። አራት ጊዜ ሄድኩ። መጀመሪያ ቀን ፈታሹ «ምንድነው?» አለኝ። «የማሽን ጭንቅላት ነው» አልኩት። «ማሽኑ የታለ?» አለ። «ፋብሪካ ነው፣ ቆሟል።» «ታዲያ አካሉ ሳይኖር ጭንቅላቱን በምን መድቤ ላሳልፍ?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። በሁለተኛው ቀን አዲስ ወይስ ያገለገለ የሚል ወረቀት አምጣ ተባልኩ። በሦስተኛው ወረቀቱን ይዤ ስሄድ ሰውየው ፈቃድ ላይ ነው። በአራተኛው የተተካው ሰው ነገሩን ከ«ምንድነው?» ጀመረው።

እናትሽ ደህና ናት። ሚዛን ባለፈው ሳምንት ፋብሪካው በር ላይ መጥታ ሰው ጠይቃ ነበር አሉ። እኔን ነው የጠየቀችው። በዚያ ቀን በኋላኛው በር ስለወጣሁ አልተገናኘንም።

ሥራ አስኪያጁ ብረት ገዢውን አምጥቶ ማሽኑን አስለክቷል። ሰውየው ቀላቃዩን በእግሩ መታ መታ አደረገው።

ጋሼ

—

ጥር 12 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ አጭር ነው የምጽፈው፤ ከረዘመ ክፉ እናገራለሁ።

እናቴ ደውላልኝ ነበር። ሚዛን ቤት ለቤት እየሄደች ልብስ ታጥባለች አለችኝ። አሥራ ስምንት ዓመት መቁረጫው ላይ የቆመች ሴት! ሰፈር ውስጥ ደግሞ ሚዛን የሚላት የለም አሉ፤ «ፋብሪካ አጥለቅላቂዋ» ነው ስሟ። ቤታቸው በየተራ የተቀመጡት ሠራተኞች ሚስቶች ውሃ መቅጃው ላይ ፊት ይነሷታል።

በኋላኛው በር ለምን ወጡ? የእርስዎ ቤት በፊተኛው በር በኩል ነው።

ብልጭታ

—

ጥር 20 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታ ለማብዛት ሆድ የለኝም።

የሞተ ዕቃ ነው የላክሽልኝ! ትናንት ከጉምሩክ አወጣሁት፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ጸሐፊዋ፣ የመጋዘኑ ሰው፣ ሁሉም ዙሪያዬን ከበው ቆመው ነበር። አሮጌውን አወጣሁ፣ ያንቺን ከተትኩ፣ አራቱን ብሎን አጠበቅሁ፣ ኃይል ለቀቅሁ። አረንጓዴ በራ። ከዚያ ያው ቀይ! አንዲት ሞተር አልተነፈሰችም። የመጋዘኑ ሰው «ይሄም የራስ ምታት አለበት» ሲል ሁሉም ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ብቻ ሳይስቅ ወጥቶ ሄደ።

ሦስት ቀን አሠራሁት አልሽ። ምኑን ነው ያሠራሽው? ወይስ እዚያ ያለው አለቃሽ ለእኛ የሚላክ ነው ብሎ ጥራጊውን አስያዘሽ? በእኔ ስም ምለሽ ነው የላክሽው፤ እኔም በአንቺ ስም ምዬ ነው የተቀበልኩት። አሁን ሁለታችንም ቀለልን።

ጋሼ

—

የካቲት 1 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። ዕንባዬ መጣ፤ የንዴት ነው።

ዕቃው አልሞተም። ባዶ ነው። ባዶ መሆኑንም መንገር የነበረብኝ ያኔ ነው፤ እርስዎ ግን የጠየቅሁትን ሳይነግሩኝ ምን ብዬ ልንገርዎ? ጭንቅላቱ ሲመጣ ዕውቀቱን ይዞ አይመጣም። ቀላቃዩ ስንት ደቂቃ ይዙር፣ መቁረጫው ከመጭመቂያው በኋላ ስንት ይቆይ፣ ይህ ሁሉ ፕሮግራም ነው፤ እኔ ቁጭ ብዬ የጻፍኩት። የሚቀመጠውም በዚያ አሮጌ ፕሮሰሰር ማህደር ውስጥ ነው። ኃይል ሲጠፋ ማህደሩን በሕይወት የምታቆየው ያቺ ባትሪ ብቻ ናት። ስለዚህ ባትሪዋ የምትቀየረው ኃይሉ እንደበራ ነው። አጥፍቶ ያወጣት ሰው ፕሮግራሙን በገዛ እጁ ያጠፋዋል። አሮጌው ላይ የሚበራው ቀይም ይህንኑ ነው የሚለው፤ «ተሰበርኩ» ሳይሆን «የምሠራውን ንገሩኝ»።

ውሃ አይደለም ጋሼ። ውሃ ቢሆን አረንጓዴውም ባልበራ።

ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ፤ ከዚህ በኋላ አልጠይቅም። ባትሪዋን ማን ቀየራት?

ብልጭታ

—

የካቲት 9 ቀን

ልጄ ሆይ፤

እኔ ነኝ።

የባትሪዋ መብራት ከበራች ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር። መስከረም 26 ሠራተኛው ሳይገባ ቀድሜ መጣሁ። ዋናውን ማጥፊያ ዘጋሁ። እኔ ኃይል ሳልዘጋ እጄን ሳጥን ውስጥ ከትቼ አላውቅም፤ አንቺንስ በመጀመሪያ ሳምንትሽ እጅሽን በፒንሳ እጀታ የመታሁሽ ለዚሁ አልነበር? ብልጭታ የተባልሽውም በዚያ ቀን ነው። አሮጌዋን ባትሪ አወጣሁ፤ አዲሷን ከመሳቢያ አምጥቼ ከተትኩ። ኃይል ስመልስ ቀዩ በራ። ምን እንዳደረግሁ አላወቅሁም፤ ግን እኔ እንዳደረግሁት አወቅሁ።

ስትሄጂ የፕሮግራሙን ቅጂ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ ብለሽኝ ነበር። በዚያው ጠዋት መሳቢያውን ገልብጬ ፈለግሁ። የደረቀ እስክሪብቶና የማይታወቅ ቁልፍ ነበረበት። አንቺን ብጠይቅሽ «ለምን አስፈለገዎት?» ትያለሽ። ጭንቅላት ላኪልኝ ማለት ቀለለኝ። አዲስ ጭንቅላት ሲገባ ሁሉም ይስተካከላል፣ ማንም አያውቅም ብዬ ነው። ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ነበር የቀረኝ።

ኮሚቴው ውስጥ የኤሌክትሪክ ሰው ነበረ ወይ ብለሽኛል። ነበረ፤ እኔ ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁ «ምክንያቱን በጽሑፍ ስጠኝ» ሲለኝ «እርጥበት ይሆናል» ብዬ ፈረምኩ። የማንንም ስም አልጻፍኩም። ይህን ለራሴ ስንት መቶ ጊዜ እንዳልኩት ብታውቂ፤ የማንንም ስም አልጻፍኩም። ወለሉን የምታጥበው ግን አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ያን ቀን በፊተኛው በር ቆማ ነበር። በመስኮት አይቻት ነው የዞርኩት። ብትሰድቢኝ ይገባኛል።

ጋሼ

—

የካቲት 16 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

አልሰድብዎትም። የምሰድብበት አፍ የለኝም፤ ምክንያቱን ያንብቡ።

ቅጂው እኔ ዘንድ ነው። መሳቢያው ውስጥ አስቀምጬው አላውቅም። ስሄድ ሥራ አስኪያጁ «ማሽኑ እንደሆነ በራሱ ይሠራል፤ አንቺ ብትሄጂ ምን ይጎድላል?» ብሎኝ ነበር። ነደደኝ። ዲስኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ለእርስዎ መሳቢያ ነው ያለው አልኩ። አንድ ቀን ሲቆምባቸው ይፈልጉኛል፣ ይደውሉልኛል ብዬ ነው። ዘጠኝ ዓመት ጠበቅሁ። ማሽኑ ግን አንዴም አልቆመም!

ይሄ ትንሹ ነው። ትልቁ ይኸውልዎት። ኅዳር ላይ «አረንጓዴው ይበራል፣ ቀዩ ይበራል» ብለው ሲጽፉልኝ ማህደሩ እንደጠፋ ገብቶኛል። ከመደርደሪያ ዕቃ ሳልፈልግ፣ ዲስኩን በዚያው ቀን መላክ እችል ነበር። አልላክሁም። ሰውየው በራሳቸው አፍ ይንገሩኝ፣ እጄን በፒንሳ የመቱኝ ሰው አንድ ቀን «ተሳሳትኩ» ሲሉ ልስማ ብዬ ያዝኩት። የላኩት ጭንቅላትም ማስመሰያ ነበር፤ እንደማይሠራ እያወቅሁ ነው የላኩት። ሚዛን የሰው ልብስ ስታጥብ የከረመችው በእርስዎ ፊርማና በእኔ እልህ መሃል ነው።

ቅጂውን የጫንኩበትን አሮጌ ላፕቶፕ ከነገመዱ በሚቀጥለው ሳምንት በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ፤ ቤትዎ ድረስ ያመጣል። አሮጌውን ፕሮሰሰር ይመልሱት፣ ደህና ነው። ገመዱን ይሰኩ፣ በወረቀት የጻፍኩትን ቅደም ተከተል ይከተሉ። አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሌላውን ምን እንደሚያደርጉ እኔ አልነግርዎትም።

ብልጭታ

—

መጋቢት 15 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

እግዜር ይስጥሽ። የላክሽው ሰው የካቲት 24 ደረሰ። በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ማሽኑ ተነሳ። የመጀመሪያዎቹ ሳሙናዎች ጎባጣ ነበሩ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቀና። ሠራተኛው አጨበጨበልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ጭብጨባ የለም።

በዚያው ሰዓት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። ሰማኝና ተነስቶ በሩን ዘጋ። «እኔ ለባለቤቶቹ እርጥበት ነው ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ። አሁን ማሽኑ ተነስቷል፤ ሴትዮዋንም ይቅርታ ተደርጎላታል ብለን እንመልሳት። አንተም የቀረህን ሦስት ወር ጨርሰህ በክብር ትወጣለህ» አለኝ። ይቅርታ ተደርጎላት! ላላጠፋችው! እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአንድ ቀን ተኩል ሐሳቡ ጣፍጦኝ ነበር። እሷም ትመለሳለች፣ እኔም አልነካም፣ ምን ጎደለ?

በሦስተኛው ቀን ቤቷ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ሦስት ገመድ ሙሉ የሰው አንሶላ ተሰጥቷል። ይቀመጡ አላለችኝም። እንደቆምኩ ነገርኳት፤ ባትሪውን፣ ፊርማውን፣ የኋላኛውን በር። እጇን ከመታጠቢያው ሳታወጣ ሰማችኝ። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፦ «ለእኔ ምን ይነግሩኛል? እኔማ ውሃው እንዳልገባ አውቃለሁ። የማያውቁት እዚያ ናቸው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የብዕርስ በምን ሊታሽ ነው? በነጋታው ፈረቃ ሲቀያየር፣ ገቢውም ወጪውም ጭነት መጫኛው ጋ ሲገናኝ፣ ካርቶን ላይ ወጥቼ ተናገርኩ። «ማሽኑን ያቆምኩት እኔ ነኝ። ሚዛን አይደለችም። ፈርሜባት ነበር፤ ውሸት ነው» አልኩ። ብዙም አልረዘመ። አንድ ሰው «እኛስ አምስት ወር?» አለኝ። የመጋዘኑ ሰው እንኳ አልቀለደም።

ሥራ አስኪያጁ በዚያው ቀን ከኤሌክትሪክ ክፍል አንስቶ መጋዘን አስገባኝ፤ ብሎን እየቆጠርኩ ነው። ጡረታዬ ይቀነስ አይቀነስ ገና አልተወሰነም። ሚዛን ግን ሰኞ ተመልሳ መቁረጫዋ ላይ ቆማለች፤ የታገደችበት ወረቀትም በፊታችን ተቀዷል፣ የአምስት ወሩ ደመወዟ ይከፈላታል ተብሏል። ሴቶቹ ወደ እሷ ለመቅረብ ሲያፍሩ አያለሁ። እሷ ደግሞ አታቀልላቸውም።

ጠዋት ጠዋት ወደ መጋዘን ሳልፍ «እንደምን አደርሽ» እላታለሁ። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ቀና ብላ ታየኛለች፣ ሳሙናዋን ታነሳለች፣ አትመልስልኝም። አልፈርድባትም። ነገም እላታለሁ።

የእኔን ድርሻ ብቻ ነው የነገርኳት። ዲስኩ ኅዳር ላይ በእጅሽ እንደነበረ አታውቅም፤ እንዲያውም «ብልጭታ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» እያለች ለሰው ስታወራ ሰማሁ። እኔ ዝም አልኩ። የአንቺን መናገር የእኔ ሥራ አይደለም።

አድራሻዋን ከታች ጽፌልሻለሁ።

ጋሼ